ማንን እንደምከስ እስካውቅ ድረስ ስለፈረሰው የእናቴ ግድግዳ

ለተከበሩ የፍርድ ቤታችን ፕሬዝዳንት፣
በእርስዎም በኩል ለፍትሐ ብሔር ችሎት ዳኞች፣ ለመዝገብ ቤቱ ሠራተኞችና በር ላይ ቦርሳችንን ለሚፈትሹልን ጥበቃ ጭምር፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ ሁሉም ደኅና ነው? የመኝታ ክፍልዎ ግድግዳ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ጣሪያዎም ከግድግዳው ጋር ተስማምቶ እንደሚኖር ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ይመስገነው፣ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዲወጣ የላክሁት ክቡርነትዎን በአደባባይ ለማሳጣት ሳይሆን፣ በመዝገብ ቤቱ በኩል ባስገባው ከእርስዎ ዘንድ መድረሱ ቀርቶ ከማላውቀው ሰው እጅ ይገባል ብዬ ስለሰጋሁ ነው። የመዝገብ ቤቱን ትጋት የምጠራጠር ሆኜ አይደለም፤ ትጋቱን በሚገባ የማውቅ ሆኜ ነው እንጂ።

በቅድሚያ ራሴን ላስተዋውቅ፤ ማንነትን ሳያጣሩ ነገር መጀመር ምን እንደሚያስከትል ከእናንተው ተምሬአለሁና። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። አላገባሁም፣ አልወለድሁም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርሁት ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ አዋላጅ ነበረች። በሠፈራችን ካሉት ጎልማሶች ብዙዎቹን ከእናታቸው ቀድማ ያየቻቸው እሷ ናት። ጡረታ ከወጣች በኋላ ዳሌዋ ተሰበረና አልጋ ላይ ዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ዓለሟ በአንድ መስኮት ልክ ሆነ። መስኮቱ የሚያየው አጠገባችን ወዳለው ባዶ ቦታ ነበር። የሠፈሩ ጎረምሶች ከሥራ መልስ ኳስ ይጫወቱበታል። በረኛው ኳስ ባሳለፈ ቁጥር እናቴ ከአልጋዋ ሆና፣ «አንተ! ስትወለድ ከጭንቅላትህ ቀድሞ የወጣው እጅህ ነበር፤ ዛሬ ምን ነካው?» እያለች ትጮህበት ነበር። ጨዋታው የሚቆመው በፊሽካ ሳይሆን በሳቅ ነበር።

አንድ ቀን ያ ቦታ በቆርቆሮ ታጠረ፤ ከአጥሩ ላይም የአንድ ሥራ ተቋራጭ ስም ያለበት ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ። ትንሽ ቆይቶ መቆፈሪያ ማሽን ገባ። ጉድጓዱ ከወዲያኛው ዳር ተጀመረና ወደ እኛ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ ከእናቴ አልጋ ራስጌ ካለው ግድግዳ ሥር ደረሰ። ግድግዳው በመጀመሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አወጣ። ቀጥሎ የእናቴ ጣት የሚገባበት ሆነ። እናቴ በጣቷ እየለካች፣ «እኔ ስንት ነገር ሲከፈት አይቻለሁ፤ ይሄኛው ግን በሰላም የሚገላገል አይመስልም» አለችኝ። ስቄ ወጣሁና በጓሮ በኩል ዞሬ አለቀስሁ።

ለሥራው ኃላፊ ሄጄ ነገርሁት። መልካም ሰው ነበር፤ ቆቡን አውልቆ ነው ያነጋገረኝ። «እህቴ፣ እኔ ቆፍር ሲሉኝ የምቆፍር ሰው ነኝ። ባለቤቱን አነጋግሪ» አለኝ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «እሱን እኔም አይቼው አላውቅም፤ በስልክ ነው የሚያዘኝ» አለ። ወደ አካባቢው አስተዳደር ብሄድ ደግሞ፣ ይህ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው ብለው ወደ እናንተ መሩኝ። እነሆ ከእናንተ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው። ከዚህ በታች በቁጥር የማቀርበው ምስጋናዬን ነው፤ ወቀሳ የሚመስል ነገር ቢገኝበት የእጄ ጽሑፍ ችግር ነው።

፩. በመጀመሪያ የማመሰግነው ስለ መጀመሪያው ማመልከቻዬ ነው። ከግቢያችሁ በር ፊት ለፊት በትልቅ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚጽፉ፣ ጠበቃ ሳይሆኑ ሁላችንም «ጠበቃው» የምንላቸው አዛውንት አሉ። ታሪኬን በሙሉ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «መልካም፤ ማንን ነው የምትከሺው?» አሉኝ። ሰሌዳው ላይ ያነበብሁትን ስም ነገርኋቸው። «በቃ፤ ስሙን ከሰቀለ እሱ ነው» አሉና ጻፉ። ቁፋሮው ባለበት እንዲቆም እግድ ይሰጠኝ ብዬ ጠየቅሁ። የቤቱን የባለቤትነት ማረጋገጫና የእናቴን የሐኪም ማስረጃ አያይዤ አስገባሁ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ገጽ በገጽ አገላብጦ፣ «ተሟልቷል» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈበት። «ተሟልቷል» የሚለውን ቃል ለእናቴ ወስጄ ነገርኋት፤ እሷም እንደ ምሥራች ተቀበለችው።

በቀጠሮው ቀን ከረባት ያሰረ ጨዋ ሰው ቀረበ። «ክብርት ዳኛ፣ ድርጅታችን ቦታውን አጥሮ ውሉ ፈርሶ ወጥቷል። የሚቆፍሩት ሌሎች ናቸው። ሰሌዳችንን ያላነሣነው ረስተነው ነው» አለ። ዳኛዋ ወጣት ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ድካም እንጂ ክፋት አላየሁም። ተከሳሹ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ስለሌለው መዝገቡ መዘጋቱን፣ ትክክለኛውን ወገን ለይቼ እንደገና ማመልከት መብቴ መሆኑን ነገሩኝ። «ታዲያ ማን እንደሆነ ይንገሩኝ፤ ወይም አንድ ሰው ልካችሁ አስጠይቁልኝ» አልሁ። «እመቤት፣ ፍርድ ቤት ለከሳሽ ተከሳሽ ፈልጎ አይሰጥም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ክፍሌ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ ማን እንደመታው አልነግረውም፤ ግን ቢያንስ ጎንበስ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ያን ዕለት ስመለስ ስንጥቁ የእናቴን እጅ እስከ አንጓዋ ያስገባ ነበር።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ የሞተ ሰው እንድከስ ስላስቻላችሁኝ። ወደ መሬት አስተዳደር ቢሮ ሄጄ፣ ከትምህርት ቤቴ ርእሰ መምህርት ፈቃድ እየለመንሁ፣ ከመስኮት መስኮት ስመላለስ ሰንብቼ የቦታውን ባለይዞታ ስም አገኘሁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ስለሆነ አመንሁት፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ እኔ ደግሞ ሞኝም ነበርሁ፣ ወረቀትም ይዤ ነበር። ጠበቃው ጻፉ፤ መዝገብ ቤቱ አሁንም «ተሟልቷል» አለ፤ መጥሪያውም ወጣ።

በቀጠሮው ቀን የተከሳሹ ስም ሲጠራ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ተነሡ። ጠቆር ያለ ሹራብ ደርበው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ነበር። ከቦርሳው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ አወጡና ወደ ዳኛዋ አቀኑት።

«ክብርት ዳኛ፣» አሉ፣ «የጠራችሁት ባለቤቴ ይኸው ነው። ከሞተ ቆየ። ቢኖር ኖሮ እንኳን ተጠርቶ ሳይጠራም ይመጣ ነበር፤ ሰው አክባሪ ነበር። ‹ቀረ› ተብሎ እንዳይጻፍበት ብዬ ነው እኔ የመጣሁት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ማንም አልሳቀም። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» አሉና መዝገቡን ዘጉ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ኮሪደሩ ላይ ጠብቄ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስንተባተብ፣ ሴትዮዋ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና፣ «ልጄ፣ ግድግዳው የት ድረስ ነው የተሰነጠቀው?» አሉኝ።

ክቡር ፕሬዝዳንት፣ በዚያ በሚያክል ሕንፃችሁ ውስጥ ስለ ግድግዳው የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

ቦታውን ባለቤታቸው ከመሞታቸው በፊት ሸጠውት ኖሯል፤ የመሬት ቢሮው ወረቀት ግን ገና ወሬውን አልሰማም ነበር። የገዛውን ሰው ስምና የሚገኝበትን አድራሻ እዚያው ቆመው ነገሩኝ። ይህን ብቻ አድርገው ቢሄዱ ይበቃኝ ነበር። እሳቸው ግን በዚያው ሳምንት ቤታችንን ጠይቀው ጠይቀው መጡ። እናቴ ማን እንደሆኑ ስነግራት ደነገጠች። «ውይ በሞትኩት! ባልሽን ከመቃብር አስጠራነው አሉ፤ ይቅር በይን፣ እህቴ» አለቻቸው። እሳቸውም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «ይተዉት እትዬ፤ ከሞተ ወዲህ ስሙን አስታውሶ ወረቀት የላከለት ፍርድ ቤት ብቻ ነው» አሉ። ሁለቱ አሮጊቶች እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሳይመጡ የሚቀሩበት ሳምንት አልነበረም። እናቴ ስለ ሰው ልደት ታወራለች፤ እሳቸው ስለ ባላቸው ሞት ያወራሉ፤ በመካከል ከስንጥቁ አፈር እየረገፈ ትራስ ላይ ይወድቃል፤ አንዳቸው በእጃቸው ጠረግ አድርገው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ።

፫. በሦስተኛው ማመልከቻ ትክክለኛውን ሰው ከሰስሁ። እሱ ግን አልመጣም፤ ጠበቃ ላከ፤ የእሱ ጠበቃ እውነተኛ ጠበቃ ነበር። ስለ ጉድጓዱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ብድግ ብሎ፣ «ክብርት ዳኛ፣ የተያያዘው የባለቤትነት ማረጋገጫ በአመልካቿ ስም አይደለም፤ በእናታቸው ስም ነው። አመልካቿ ልጅ እንጂ ባለቤት አይደሉም፤ ውክልናም የላቸውም። ስለዚህ ይህን አቤቱታ ለማቅረብ መብት የላቸውም» አለና ተቀመጠ።

ዳኛዋ መዝገቡን አገላበጡና ወረቀቱን አገኙት። ያው ወረቀት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያያያዝሁት፣ መዝገብ ቤቱ በየማመልከቻው አይቶ «ተሟልቷል» ያለው ወረቀት ነው። በኋላ ወደ መዝገብ ቤቱ ወርጄ፣ «ይህን ያኔ ለምን አልነገራችሁኝም?» ብዬ ጠየቅሁ። ሠራተኛው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል፣ «በፊተኞቹ መዝገቦች ተከሳሹ ትክክል ስላልነበረ፣ አንቺ ትክክለኛ ከሳሽ መሆንሽን ማየት ድረስ አልተደረሰም» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህን መልስ አሁንም አንዳንዴ አውጥቼ አየዋለሁ። ስህተት አላገኘሁበትም። ስህተት የማይገኝበት ነገር ሰውን እንዴት እንደሚያደቅ ግን ከእሱ ተረዳሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ከፊቴ አነበበችው።

«ምን አሉሽ?»

«እማዬ፣ እኔ አይደለሁም አሉኝ።»

«ምን አይደለሽም?»

«ባለጉዳይ። ቤቱ በስምሽ ስለሆነ መክሰስ ያለብሽ አንቺ ነሽ አሉ።»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ከዚያ፣ «እንግዲያው ያቺን አረንጓዴ ቀሚሴን አውጪልኝ፤ እኔው እሄድላቸዋለሁ» አለች። ውክልና የሚያዋውል ሹም ቤት ድረስ እንዲመጣልን ማመልከት እንደሚቻል፣ ተራው ግን ሩቅ እንደሆነ ነገርኋት። «ተይኝ ልጄ፤ እኔ መንገድ የጀመረን ልጅ ተራህን ጠብቅ ብዬው አላውቅም» አለችኝ። ማመልከቻው በስሟ እንደገና ተጻፈ፤ ባለጥላው ጠበቃ ለዚህኛው ክፍያ አልቀበልም አሉ። ቀጠሮም ተሰጠን።

በዚያ ቀን የሆነውን በቁጥር አላስቀምጠውም።

ያ ኳስ የሚያሳልፈው በረኛና ሦስት ጓደኞቹ እናቴን ከነወንበሯ ተሸክመው ከታክሲ አወረዷት። የበሩ ጥበቃ ወንበሩ ካልተፈተሸ አይገባም አለ፤ እናቴን አንሥተን ያዝናትና ወንበሩ ተፈተሸ፤ ምንም አልተገኘበትም። ሊፍቱ አይሠራም ነበር። ችሎቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጆቹ በየማረፊያው እያሳረፉ አወጧት። እናቴ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ እንዳይወድቅ ጣቶቿን ጨብጣ፣ የሚወርደውን የሚወጣውን ሁሉ ሰላም ትላለች። አንድ ጠበቃ መንገድ ሲለቅላት፣ «አይዞህ፣ እኔም ላስቸኩልህ የመጣሁ አይደለም» አለችው። በረኛው ላቡ በአገጩ እየወረደ፣ «እማማ፣ ከበዱ እኮ!» ቢላት፣ «አንተም ቀላል አልነበርክም» አለችው። እንዲህ እየሳቅን ነበር የወጣነው፤ ሳቃችን ኮሪደሩ ድረስ ተከተለን።

የችሎቱ በር ተዘግቶ ነበር። ወረቀት ተለጥፎበታል። እናቴ መነጽሯን ጠይቃ ራሷ አነበበችው፤ ዳኛዋ ሥልጠና ላይ በመሆናቸው የዕለቱ ቀጠሮዎች ሁሉ ለሌላ ጊዜ ተዛውረዋል ይላል። በዚያ በኩል የሚያልፍ የችሎት ጸሐፊ አስቆመችና፣ «ልጄ፣ ሥልጠናው ስለ ምንድን ነው?» አለችው።

«ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ ነው፣ እናቴ» አላት። ሐቁን ለመናገር፣ ሲመልስ ፊቱ ቀልቶ ነበር።

እናቴ ስትወርድ ለማንም ሰላም አላለችም። ታክሲ ውስጥ እጄን ያዘች፤ እጇ ውስጥ ያለችው የእኔ እጅ የአንደኛ ክፍል ልጅ እጅ ሆና ተሰማችኝ። ቤት ስንደርስ፣ ደመናው ከብዶ ነበር። የሟቹ ተከሳሽ ባለቤት ደጃፋችን ላይ ቆመው ይጠብቁናል። የሆነውን ስነግራቸው አላዘኑም፣ ተቆጡ። «በቃ፤ ዛሬውኑ እኔ ቤት ትሂድ። ምድር ቤት ነው፤ ደረጃ የለውም፤ የባለቤቴ ክፍል ባዶውን ነው ያለው» አሉ። እኔ አመነታሁ፤ በምን ፊቴ? የከሰስነው ሰው አልጋ ላይ? እሳቸው ግን ልብሷን ማጣጠፍ ጀምረው ነበር።

እናቴ ስትወጣ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሩ ላይ ስንደርስ ወንበሯን ወደ ክፍሏ እንድናዞርላት ፈለገች። አየችው።  ከዚያ «እንሂድ» አለች።

ግድግዳው የወደቀው ብዙ ሳይቆይ፣ በአንድ ዝናባማ ቀትር፣ እኔ ክፍል ውስጥ ፊደል ሳስቆጥር ነው። ስመለስ የእናቴ ክፍል ሰማይ ነበረው። አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ ጡብና ጭቃ ተቆልሏል፤ መስኮቱ ከነፍሬሙ ተነቅሎ ጉድጓዱ ውስጥ ጎኑን ተኝቷል። ቁፋሮው ግን አልቆመም፤ ማሽኑ ከወዲያኛው በኩል ሥራውን እየሠራ ነበር፤ የሥራው ኃላፊ ብቻ ቆቡን አውልቆ ወደ እኔ ተመለከተ፤ መልሶም አጠለቀው።

ሄጄ እንዴት እንደምነግራት ሳሰላስል ደረስሁ። ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ ስታይ አወቀች።

«ሰው ነበረበት?» አለችኝ።

«የለም፣ እማዬ።»

«ቆፋሪዎቹስ? ከታች የተጎዳ አለ?»

«ማንም የለም።»

«እንግዲያው ተመስገን» አለችና ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ አልቀለደችም። ትበላለች፣ ታመሰግናለች፣ ሲያዋሯት ትሰማለች፤ ግን ያ ጎረምሶቹን በሳቅ የሚጥል ድምፅ ከግድግዳው ጋር አብሮ ወረደ። የሟቹ ባለቤት ተግተው አስታመሟት፤ ፀጉሯን ያበጥሩላታል፣ ጀርባዋን ያገላብጡላታል፣ ስለ ባላቸው የጀመሩትን ወሬ ጨርሰው ስለ ልጅነታቸው ሁሉ ነገሯት። እኔ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ እመጣለሁ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ትንፋሿ አጠረ። ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን አየች፤ ሳታውቀው ቀርታ መሰለኝ።

«ቤት ነን?» አለች።

 ዕድሜዬን ሙሉ ለዚች ሴት ዋሽቼ አላውቅምና አፌ አልታዘዝ አለኝ። የሟቹ ተከሳሽ ባለቤት ግን ከወዲያ በኩል እጇን ያዙና፣ «አዎ እትዬ፣ ቤት ነን» አሏት። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። በዚያው አሸለበች።

ክቡር ፕሬዝዳንት፣ ስለ ሕግ የማውቀው ትንሽ ነው፤ ግን እኚያ ሴት ከነባላቸው የተሳሳተ ወገን መሆናቸውን የሚገልጸው ውሳኔ እጄ ላይ አለ፤ ማኅተምም አርፎበታል።

፬. ከዚህ በኋላ ያለውን አሳጥራለሁ። ከቀብሩ በኋላ በእናቴ ስም የጠየቅነው እግድ ወጣ። ቁፋሮው ባለበት እንዲቆም ያዝዛል። ያን ጊዜ ጉድጓዱ በኮንክሪት ተሞልቶ፣ በላዩ ምሰሶ ቆሞ፣ ሁለተኛው ፎቅ እየተሞላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ውሻው ግን ቢያንስ ለመጮህ ማኅተም አይጠብቅም። ትእዛዙን ለሥራው ኃላፊ ወስጄ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ «እህቴ፣ የሚቆፈር እኮ አልቀረም» አለኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ ይመስል ነበር።

፭. ቀጥሎ ደግሞ አመልካች በአካል ቀርበው ጉዳያቸውን እንዲያስረዱ የሚል መጥሪያ በእናቴ ስም መጣ። የሞቷን ማስረጃ ይዤ መዝገብ ቤት ሄድሁ። ያው ሠራተኛ ተቀበለኝ። ወረቀቱን አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አንሥቶ፣ «ነፍስ ይማር» አለኝ፤ እግዜር ይስጠው። አመልካቿ በሕይወት ስለሌሉ መዝገቡ እንደሚዘጋም አስረዳኝ። ከዚያ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁን ግን ቀለል ይላል። የወራሽነት ማስረጃ ካወጣሽ፣ ትክክለኛዋ ወገን አንቺ ነሽ» አለኝ።

ስለዚህ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ በዚያ ግድግዳ ሥር ተወልጄ፣ በዚያ ግድግዳ ሥር እያስታመምኋት፣ በጉዳዩ ውስጥ ማንም አልነበርሁም። አሁን፣ እሷ ከሞተች በኋላ፣ ለዚህ ክብር በቃሁ። ትክክለኛዋ ከሳሽ እኔ ነኝ። የቀረኝ የሚከሰስ ነገር ብቻ ነው፤ ግድግዳውን አትመልሱትም፣ እናቴንም አትመልሷትም።

ካሣ ልለምን አልጻፍሁም። አንድ ልመና ግን አለኝ። ከመዝገብ ቤቱ በር ላይ አንድ ወንበር ይቀመጥ፤ በላዩም አንድ ሰው ይቀመጥ። ዳኛ መሆን አያስፈልገውም። ሰው ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ማኅተሙ ሳያርፍበት በፊት፣ «ይህ ሰው በሕይወት አለ? ይህ ሰሌዳ የማን ነው? ይህ ቤት በማን ስም ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ስህተቱንም ሁሉ በአንድ ቀን የሚናገር ሰው። ስህተትን ቆራርሶ በየቀጠሮው መስጠት ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ለደኅነኛ ሰው ትዕግሥትን የማስተማር ዘዴ ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳ ሥር ለተኛ ሰው አይሆንም። ይህም ቢቸግር፣ ቢያንስ «ተሟልቷል» የሚለው ቃል ከማኅተሙ ጋር እንዳይነገር ያዝዙልኝ። ሰው ቃሉን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ለታመመ ሰውም እንደ ምሥራች ይነግረዋል።

ዳኛዋን እንዳይቆጡብኝ። መነጽራቸውን አውልቀው «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ሲሉ አይቻለሁ፤ ከሕንፃችሁ የወሰድሁት መልካም ነገር ቢኖር እሱ ነው። ጠበቃውም ምንም አላጠፉም፤ እሳቸው የነገርኋቸውን ነው የጻፉት። እኔም የማየውን ነው የነገርኋቸው። ሁላችንም ልክ ነበርን፤ እንዲህ ልክ ሆነን ሳለ ነው ቤቱ የፈረሰው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመዝገብ ቤትዎ የማያልቅ ቀለም፣ ለቀጠሮ መዝገብዎ የማያልቅ ገጽ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣ ቢኖረኝ አንሥቼ፣ ሳይኖረኝ ደግሞ አንገቴን ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

ትክክለኛ ወገን መሆኔ ዘግይቶ የተረጋገጠልኝ፣
የአዋላጇ ልጅ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ አንድ ወሬ ደረሰኝ። ከአጠገቤ የቆመው አዲሱ ሕንፃ ሊመረቅ ነው፤ ፍርድ ቤታችሁም መዝገብ ስለበዛበት ለመዝገብ ቤት ማስፋፊያ ሁለተኛውን ፎቅ ሊከራይ ተስማምቷል አሉ። ሰሌዳውም ትናንት ተሰቅሏል፤ ይህኛው የረሱት እንዳይሆን ብዬ ገብቼ ጠየቅሁ፤ እውነት ነው አሉኝ። እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ክፍሎቹ ሰፊ ናቸው፣ ብርሃንም ያገኛሉ፤ በእኛ በኩል የሚጋርዳቸው ነገር የለም። ሠራተኞቻችሁ ወደ ታች ሲመለከቱ ሦስት ግድግዳ የቀረው ክፍል ቢያዩ፣ ልብስ የምታሰጣው ሴት እኔ ነኝ። መጥሪያ ካለ ከመስኮቱ ቢጥሉልኝ ይደርሰኛል።